ብቻን ወጥቶ ማዳመጥ፦ የአካባቢ ኪነ ጥበብና የፈጠራ ችሎታ በአሶሳ

መግቢያ

በአሶሳ ብሔራዊ ቴአትር የለም፤ የሥዕል ማሳያ አዳራሾችም እንደ አዲስ አበባ አይገኙም። ከዚህ በመነሣት «እዚህ ጥበብ የለም» ወደሚል ድምዳሜ መድረስ ቀላል ነው። የድምዳሜው ስሕተት ግን ከጥያቄው ይጀምራል። ጥበብን በአዳራሽና በመግቢያ ትኬት ብቻ የሚፈልግ ሰው፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከቅል የተሠሩ መለከቶች ሲነፉ ከአጥሩ ውጭ ሰምቶ ያልፋል። የሰማውን እንደ ሠርግ ጫጫታ ይቆጥረዋል እንጂ የፈጠራ ትምህርት ቤት ነው ብሎ አያስብም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ሰው በመደበኛነትና ለብቻው ወደ አካባቢው የኪነ ጥበብ ሥፍራዎች መሄዱ የፈጠራ ችሎታውን እንዴት እንደሚያዳብር ማብራራት ነው። «የብቻ የጥበብ ጉዞ» የሚለው ሐረግ እዚህ ላይ የሚያመለክተው ሦስት ነገሮችን ያሟላ ልማድ ነው። ጊዜው አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ጓደኛ አይከተልም፤ ሄያጁም የሚሄደው ለማየትና ለመስማት እንጂ ለሥራ ጉዳይ አይደለም። የጉዞው መዳረሻ የሙዚቃ፣ የውዝዋዜ፣ የግጥም ወይም የዕደ ጥበብ ሥፍራ ሊሆን ይችላል።

ሐሳቡና ጥናቶቹ

ይህን ልማድ በመጽሐፍ መልክ በስፋት ካስተዋወቁት አንዷ አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ጁሊያ ካሜሮን ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመው መጽሐፏ፣ መፍጠር የሚፈልግ ሰው በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ያህል ለይቶ ብቻውን እንዲወጣ ትመክራለች። የምክሩ መነሻ ቀላል ነው። ፈጠራ ከባዶ አይቀዳም፤ በውስጥ የተጠራቀመ ምስል፣ ድምፅና ስሜት ያስፈልገዋል። የሚቀዳውን ያህል የማይሞላ ጉድጓድ መድረቁ አይቀርም።

ከእርሷ ብዙ ቀደም ብሎ እንግሊዛዊው ምሁር ግራሃም ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1926 የፈጠራን ሒደት በአራት ደረጃዎች ከፍሎ አሳይቷል። እነዚህም ዝግጅት፣ በውስጥ መብሰል፣ ድንገተኛ ብልጭታ እና ማረጋገጥ ናቸው። የብቻ የጥበብ ጉዞ በተለይ ሁለቱን የመጀመሪያ ደረጃዎች ያገለግላል። በአንድ በኩል ለአእምሮ አዲስ ግብዓት ያቀርባል፤ በሌላ በኩል ተመራማሪውን ወይም ደራሲውን ከያዘው ችግር ለጥቂት ሰዓታት ስለሚያርቀው፣ ጉዳዩ ሳይነካካ በውስጡ እንዲበስል ዕድል ይሰጣል።

ታዲያ ሰዎች ለምን ብቻቸውን አይወጡም? ሬቤካ ራትነርና ሬቤካ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። በጥናቱ መሠረት ሰዎች ብቻቸውን ወደ መዝናኛ ሥፍራ ከመሄድ የሚታቀቡት ሌሎች ወዳጅ እንደሌላቸው አድርገው እንዳይገምቷቸው በመስጋት ጭምር ነው። ከሙከራዎቹ በአንዱ ተሳታፊዎች የሥዕል ማሳያ እንዲጎበኙ ተደርጎ ነበር። ብቻቸውን የገቡት ከጉብኝቱ በፊት አነስተኛ ደስታ ጠብቀው ነበር፤ ከጉብኝቱ በኋላ የገለጹት ደስታ ግን ከጓደኛ ጋር ከገቡት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ሥጋቱ ከእውነታው ይበልጥ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሥጋት በኢትዮጵያ የበለጠ ይከብዳል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» በሚባልበት ማኅበረሰብ ውስጥ ለብቻ መዝናናት ስስትና ኩርፊያ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ በባዕድ ምክር ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ በሀገር ውስጥ ሥር ያለው መሆኑንም ማየት ያስፈልጋል።

የቅኔ ቤት ምስክርነት

ብቸኝነትን የፈጠራ መሣሪያ አድርጎ የተጠቀመ ጥንታዊ የሀገር ውስጥ ሥርዓት የቅኔ ትምህርት ነው። በጎጃም እንደ ዋሸራና ጎንጅ ባሉ ስመ ጥር የቅኔ ቦታዎች ተማሪው በጉባኤ ተቀምጦ የመምህሩን ቅኔና ትርጓሜውን ይሰማል። ከዚያም ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ በዛፍ ጥላ ወይም ጸጥ ባለ ሥፍራ ተቀምጦ የራሱን ቅኔ «ይቆጥራል»። በመጨረሻም ተመልሶ ለመምህሩ «ይነግራል»፤ መምህሩም ያርመዋል። ጀማሪው ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ያድጋል።

ከዚህ ሥርዓት ሁለት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛው፣ ብቸኝነቱ ከማኅበር መሸሽ አይደለም፤ በመስማትና በመናገር መካከል የሚገባ፣ የሌላ ሰው አስተያየት የማይደርስበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው፣ ውጤቱ የሚገኘው በአንድ ቀን ጥረት ሳይሆን በየዕለቱ በሚደጋገም ልምምድ ነው። የብቻ የጥበብ ጉዞም በእነዚሁ ሁለት ምሰሶዎች ላይ ይቆማል። ልዩነቱ የጥበብ ተጓዡ ብቸኝነቱን ከመስማቱ ሰዓት ጀምሮ ይዞት መሄዱ ነው።

ዋዛ፦ አንድ ድምፅ ያለው መለከት

በአማርኛ «ዋዛ» ቀልድና ፌዝ ማለት ነው። በበርታ ሕዝብ ዘንድ ግን ዋዛ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ግራና ቀኝ የሚታወቅ፣ ብርቱ ሥልጠናን የሚጠይቅ የመለከቶች ጨዋታ ነው። መለከቱ የሚሠራው የተቆራረጡ ቅሎችን ቁመታቸውን እያስረዘሙ አንዱን ባንዱ ውስጥ በማጋጠም ነው። አንድ ቡድን ርዝመታቸው የሚለያይ በርካታ መለከቶችን ይይዛል፤ ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል።

የጨዋታው ምሥጢር በአሠራሩ ሳይሆን በአከፋፈሉ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በመሠረቱ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ዜማውን ብቻውን ሊጫወት የሚችል ሰው በቡድኑ ውስጥ የለም፤ ዜማው የሚወጣው እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በተራው፣ በትክክለኛው ቅጽበት ሲያስገባ ነው። ስለዚህ ለተጫዋቹ ዋናው ችሎታ መንፋት ብቻ ሳይሆን መቼ ዝም እንደሚባል ማወቅም ነው። የአካባቢው የቀርከሃ ዋሽንት ቡድኖችም በተመሳሳይ የድምፅ ክፍፍል ይጫወታሉ።

ብቻውን የሚያዳምጥ ሰው ጥቅም እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ጆሮ የሚያገኘው አንድ ትልቅ፣ የተደባለቀ ድምፅ ነው። ደጋግሞ የሰማ ሰው ግን ከመለከቶቹ አንዱን መርጦ መከተል፣ የሚገባበትንና የሚያርፍበትን ቦታ መለየት ይጀምራል። ከጓደኛ ጋር የሄደ ሰው እነዚህን ክፍተቶች በወሬ ይሞላቸዋል፤ ብቻውን የሄደው ግን ክፍተቱን ራሱን ይሰማል። ይህ ልምድ ለሙዚቀኛ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ገጣሚው በስንኞች መካከል ስለሚተወው ቦታ፣ መምህሩ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ስለሚጠብቃት ዝምታ፣ ተመራማሪውም በቡድን ሥራ ውስጥ የራሱ ድርሻ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የሚያስብበት ምሳሌ ያገኛል።

መድረክና ግቢ

የክልሉ ጥበብ ለሰፊው ሕዝብ የታየባቸው ታላላቅ መድረኮች ነበሩ። 9ኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. በአሶሳ ሲከበር ከተማዋ ከመላ ሀገሪቱ የመጡ የባህል ቡድኖችን አስተናግዳለች። እንዲህ ያለው መድረክ ትውውቅን ይፈጥራል፤ ነገር ግን ጨዋታውን በደቂቃ ይለካዋል፣ ፊቱንም ወደ ተመልካቹ እንዲያዞር ያስገድደዋል።

በሠርግ፣ በበዓልና በመኸር ወቅት በየግቢው የሚካሄደው ጨዋታ ከዚህ ይለያል። ተመልካችና ተጫዋች በግልጽ አይለዩም፤ ስሕተት ይሠራል፣ ይታረማል፤ ልጆች ከጎን ሆነው ይኮርጃሉ። ለፈጠራ ትምህርት የሚሆነው በተለይ ይህ ያልተጠናቀቀው ገጽታ ነው፤ ሥራ ሲሠራ እንጂ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ብቻ አያሳይምና። በአሶሳ አካባቢ የቀርከሃ ዕቃ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ተቀምጦ መመልከትም ከዚህ ጋር የሚመደብ ነው። ክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች መኖሪያ በመሆኑ የጉዞው የቀን መቁጠሪያም ሰፊ ነው። ከዒድ በዓላት እስከ ሺናሻዎች የዘመን መለወጫ እስከ ጋሪ ዎሮ ድረስ ዓመቱን ሙሉ የሚያደምጥ ጆሮ ሥራ አያጣም።

የአካሄዱ ሥርዓት

ብቻ መሄድ ማለት ሳይታወቁ መግባት ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል በየወሩ ይቀርብ የነበረውን «ጦቢያ ግጥም በጃዝ» ለመታደም የመግቢያ ዋጋ መክፈል ይበቃል። በግቢ የሚካሄድ ጨዋታ ግን ባለቤት አለው። ስለዚህ የአካባቢው ተወላጅ በሆነ የክፍል ጓደኛ ወይም ጎረቤት አማካይነት አስቀድሞ ለቤቱ ሽማግሌ መተዋወቅና ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ብቻን መምጣት ነውር ሳይሆን የአክብሮት ምልክት ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ስልክ ነው። ሊንዳ ሄንክል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት የሙዚየም ጎብኚዎች ፎቶ ያነሷቸውን ዕቃዎች ዝም ብለው ከተመለከቷቸው ያነሰ እንደሚያስታውሱ አሳይታለች። የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው ያነሱት ግን የማስታወስ ችሎታቸው አልቀነሰም። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ማስታወስን ለመሣሪያ አሳልፎ መስጠት ትኩረትን ያዳክማል፣ በአንድ ዝርዝር ላይ ማተኮር ግን ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጨዋታው ሲካሄድ ስልኩን በኪስ ማስቀመጥ፣ በዚያው ምሽት ደግሞ አንድ ገጽ ማስታወሻ መጻፍ ይመረጣል። ማስታወሻው «ጥሩ ነበር» ከሚል ፍርድ ይልቅ አንድ የታየ ዝርዝርና አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ቢይዝ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ደኅንነት ነው። ባለፉት ዓመታት በመተከልና በካማሺ ዞኖች የደረሱት ግጭቶች ጉዞን በጥንቃቄ የሚታይ ጉዳይ አድርገውታል። ሴት ተማሪዎችም በምሽት ብቻቸውን ሲወጡ የሚገጥማቸው ሥጋትና ሐሜት ከወንዶቹ የተለየ ነው። ምክሩ ለሁሉም እኩል እንዲሠራ የቀን ዝግጅቶችን መምረጥ፣ የሚሄዱበትን ቦታና የመመለሻ ሰዓት ለሚያምኑት ሰው መናገር፣ ከከተማ ውጭ ሲሆን ደግሞ እስከ ደጃፍ አብሮ ተጉዞ በሥፍራው ብቻን መቀመጥ ይቻላል። የልማዱ ፍሬ ነገር ያልተከፋፈለ ትኩረት እንጂ የመንገድ ላይ ብቸኝነት አይደለም።

ከመስማት ወደ መፍጠር

የሰማውን ሁሉ ወዲያው የራሱ ሥራ የሚያደርግ ሰው ፈጣሪ አይባልም፤ ገልባጭ ነው። በዚህ ረገድ የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት የሙላቱ አስታጥቄ አብነት ጠቃሚ ነው። በብሪታንያና በአሜሪካ ሙዚቃ ካጠኑ በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር አዋሕደዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኙት ደራሼዎች በቀርከሃ መሣሪያዎቻቸው የሚያሰሙትን የድምፅ አደራደር በዘመናዊ ሙዚቃ ከሚታወቅ የድምፅ መሰላል ጋር እያነጻጸሩ፣ የዕውቀቱ ባለቤቶች እነዚያ ተጫዋቾች መሆናቸውን ደጋግመው ተናግረዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። በጥሞና ያዳመጠ ሰው በአካባቢ ጥበብ ውስጥ ንድፈ ሐሳብ ያገኛል፤ ያገኘበትንም ምንጭ በስም ይጠራል።

ማጠቃለያ

የብቻ የጥበብ ጉዞ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ በሀገር ውስጥ የቅኔ ሥርዓት አምሳያ ያለው፣ በጥናትም የተደገፈ የፈጠራ ልምምድ ነው። በአሶሳ ደግሞ ከግል ጥቅም ያለፈ ትርጉም አለው። ጥበብ ሌላ ቦታ ነው ብሎ የተመረቀ ተማሪ በሚጽፈው፣ በሚያስተምረውና በሚነድፈው ሁሉ የሌላ ቦታ ግልባጭ ያወጣል። በሌላ በኩል፣ ዋዛ አንድ ተጫዋች ሲጎድልበት ከዜማው አንድ ድምፅ የሚያጣ ጥበብ ነው፤ የሚያዳምጠው ወጣት ሲያንስም ነገ መለከቱን የሚረከበው ያንሳል።

ለመጀመር አንድ ሴሚስተር ይበቃል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጉዞ ቢደረግ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አንድ ገጽ ቢጻፍ፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ ማስታወሻዎቹ ከጥናት ጽሑፉ ወይም ከፈጠራ ሥራው ጎን ተቀምጠው ቢነበቡ ለውጡን መመዘን ይቻላል። የትምህርት ክፍሎችም በአካባቢው የሚከበሩትን በዓላትና የባህል ዝግጅቶች ከማኅበረሰቡ ሽማግሌዎች ጠይቀው በሴሚስተሩ መጀመሪያ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉ፣ ብቻውን መውጣት ለሚፈልግ ተማሪ የመጀመሪያውን እርምጃ ያቀሉለታል።