ወጋ ከማድረግ እስከ ማውገዝ

የእንግሊዝኛ ጋዜጦች አንድ ባለሥልጣን ሌላውን አጥብቆ መንቀፉን ሲዘግቡ «ስላም» ወይም «ብላስት» የሚሉ ግሶችን ያዘወትራሉ፤ የመጀመሪያው በርን በኃይል አላትሞ መዝጋት፣ ሁለተኛው በፈንጂ መደርመስ ማለት ሲሆን፣ አርዕስተ ዜና የሚጻፍበት ዓምድ ጠባብ በመሆኑ አጭርና ኃይለኛ ቃል ይመረጣል። ዕድሜ ጠገቦቹ ቃላትም ከዚህ የለዘቡ አይደሉም። «ኤክስኮሪዬት» የተባለው ከላቲን የመጣ ግስ ሥሩ ቆዳ መግፈፍ ነው፤ በአሽሙር መናገርን የሚያመለክተው «ሳርካዝም» ደግሞ የተገኘው ሥጋን መዘንጠል ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ብርቱ ነቀፋ በእንግሊዝኛ እንደ አካል ቁስል ይታያል ማለት ይቻላል።

አማርኛም ነገርን በዱላ ይመስላል፤ «ትችት ሰነዘረ» ሲባል «ሰነዘረ» ለምት የተነሣ በትርን የሚያስታውስ ግስ ነው። ልዩነቱ አማርኛ የምቱን መጠን በሰዋስው መለካቱ ላይ ነው። የጎንደር ሰው «በነገር ወጋ አደረገው»፣ «ሸንቆጥ አደረገው»፣ «ቆንጠጥ አደረገው» ሲል፣ መውጋትን፣ በቀጭን አለንጋ መግረፍንና በጣት መቆንጠጥን የሚያመለክቱት ግሶች «አደረገ» ከሚለው ረዳት ጋር ተጣምረው ድርጊቱን ያለዝቡታል። «ሰበር አለ» ጥቂት መሰበርን፣ «ስብር አለ» ደግሞ ፈጽሞ መሰበርን እንደሚያሳዩ ሁሉ፣ ተናጋሪው የድምፅ ቅርጽ በመለወጥ ብቻ ያደረሰው ሕመም ምን ያህል እንደሆነ ይነግራል። እንግሊዝኛ ለዚህ ሌላ ግስ ወይም ተውሳከ ግስ መፈለግ ይኖርበታል። ነገሩ ከልክ ሲያልፍ ግን አማርኛ በትሩን ትቶ ወደ ተራራው ይሄዳል፤ «የስድብ ናዳ አወረደበት» የሚለው አነጋገር በሰሜን ተራሮች ገደል ሥር ለሚኖር ገበሬ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የጉዳት ቃላት የሚከፋፈሉት በሌላ መንገድ ነው። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ በተጀመረው በዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ተማሪው «ሃርም»፣ «ኢንጁሪ» እና «ዳሜጅ» የሚሉትን ለይቶ ያጠናል፤ ለታማሚው በአማርኛ ሲያስረዳ ግን ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ «ጉዳት» በሚለው አንድ ቃል ይጠቃለላሉ። ይህን ያየ ሰው አማርኛ በዚህ ረገድ ድሃ ነው ቢል ይሳሳታል። በዳባትና በደባርቅ በረዶ የገብስ አዝመራን ቢመታ ደረሰ የሚባለው ጉዳት ነው፤ ያንኑ ማሳ ጎረቤት አውቆ ከብት ቢያስበላው ጉዳቱ በደል ይሆናል፣ ምክንያቱም በደል ያለ በዳይ አይኖርም፣ ካሣና ይቅርታም ይከተለዋል። ገበሬው በሰው ፊት ተዋርዶ ርስቱን ቢነጠቅ ደግሞ «ተጠቃሁ» ይላል፤ ጥቃት ከንብረቱ ይልቅ ክብሩን የነካ፣ ሽማግሌ ካልገባበት ወደ ደም የሚያደርስ ነገር ነው። እንግሊዝኛው የጉዳቱን ዓይነት ሲለይ አማርኛው በጎጂና በተጎጂ መካከል የሚቀረውን ዕዳ ይለያል።

በወቀሳም ያው ነው። ተግሣጽ ከላይ ወደ ታች፣ ከአባት ወደ ልጅ ወይም ከንስሐ አባት ወደ ንስሐ ልጅ ይወርዳል፤ ወቀሳ መቀራረብን ይጠይቃል፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ሊሰዳደቡ እንጂ ሊወቃቀሱ አይችሉም፤ ነቀፋ ዝምድና አይሻም። «ክሪቲሲዝም» የሚለው እንግሊዝኛ ቃል መነሻው በግሪክ መለየትና መፍረድ ስለሆነ በጎውንም ጉድለቱንም መመዘንን ያካትታል፤ አማርኛ ለዚህ «ሂስ» የሚለውን ቃል ቢይዝም፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ሂስና ግለ ሂስ» የስብሰባ ግዴታ በመሆኑ ቃሉ ከመመዘን ይልቅ መወንጀልን ለብዙዎች እንዲያስታውስ ሆኗል። ይህ ለቋንቋው እውነተኛ ኪሳራ ነው።

ከሁሉም የከበደው ውግዘት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበሉበት ዘመን አቡነ ስምዖን የተጠቀሙበት መሣሪያ ውግዘት ነበር፤ ጳጳሱ በ1609 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ሞቱ፣ ንጉሡም በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የተወገዘ ሰው ከቅዱስ ቁርባን፣ ከማኅበርተኛው ጽዋና ከቤተ ክርስቲያን የቀብር ሥርዓት ይለያል። ዛሬ ከእንግሊዝኛ የሚተረጎም ዜና መግለጫ ያወጣን ድርጅት ሁሉ «አወገዘ» ይለዋል፤ «ነቀፈ» ወይም «ተቃወመ» ቢል ይበቃው ነበር፣ የቀድሞውን ትርጉም የሚያውቁ የጎንደር ካህናት ቃሉን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን ከማን ተለየ ብለው ነውና።