ጤና አዳሙን ለቡናው ተዉት

የእህቴ ልጅ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። የምትኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ሁለቱም ጉንጮቿ ቀልተውና ሻክረው፣ ስታካቸው ደግሞ ውኃ እያወጡ ሁለት ወር ሞልቷቸው ነበር። እናቷ ፎቶ አንስታ የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ የመድኃኒት ናዳ ወረደ።

ትልቋ አክስታችን «ይሄ ምች ነው፤ ዳማከሴ አሽተሽ ጭመቂባት» አሉ። ደብረ ብርሃን ያለው አጎቴ ፌጦ በሎሚ አዘዘ። ዓለም ከተማ ያገባችው የአጎቴ ልጅ «ጤና አዳም ወቅጠሽ ለጥፊባት፤ የእኔ ልጅ በሱ ነው የዳነው» ብላ ማለች። አሜሪካ ያለችው ዘመዳችን የእሬት ቪዲዮ ላከች። እናቴ ደግሞ በድምፅ መልእክት «ለጋ ቅቤ ይበቃታል፤ እናንተስ በምን አደጋችሁ? ይልቅ የሰው ዓይን ነው፣ ፊቷን ሸፍኝላት» አለች።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ጋዜጠኛው፣ ምን ትላለህ?» ሐኪም አይደለሁም። ግን የጤና ጉዳይ ሳነብና ባለሙያ ስጠይቅ ዓመታት ተቆጥረዋል። የተባሉትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ እንያቸው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር፦ «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም። ሳማም እኮ ተፈጥሯዊ ነው።

ከጤና አዳም እንጀምር። ቡና ላይ ጣል ሲደረግ የሚያውደው ይህ ቅጠል ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ቆዳ ላይ አርፈው ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳውን ያቃጥሉታል። ልክ የፈላ ውኃ እንደነካው ውኃ ይቋጥራል፤ ሲድንም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለ አገር ነው። ብርዱ ቢያታልለንም ፀሐዩ ለቆዳ ብርቱ ነው። የሕፃን ጉንጭ ላይ ጤና አዳም ለጥፎ ደጅ ፀሐይ ማሞቅ ማለት እንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የሎሚ ጭማቂም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው።

ፌጦ የሚያቃጥለው ምላስን ብቻ አይደለም። ተወቅጦ ውኃ ሲነካው እንደ ሰናፍጭ ያለ የሚለበልብ ዘይት ያወጣል። የአዋቂ ቆዳ ምናልባት ይችለው ይሆናል፤ የሕፃን ቆዳ ግን ስስ ነው፣ ያውም ቀድሞ የቆሰለ።

እሬት ሁለት ፊት አለው። ቅጠሉ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚፈሰው ቢጫ መራራ ውኃ ቆዳን ያስቆጣል። የሚያለሰልሰው መሐሉ ላይ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነው። ደግሞም ቪዲዮው ላይ የምታዩት አሎ ቬራና በሸዋ ደጋ የሚበቅለው እሬት አንድ አይደሉም። ከደጋችን ዝርያዎች አንዱ ሳይንሳዊ ስሙ አሎ ደብራና ነው፤ ስሙን ያገኘውም ከደብረ ብርሃን ነው። ዘመዳሞች ናቸው፣ መንትዮች ግን አይደሉም።

ቅቤስ? የእናቴ ሐሳብ ከሁሉም ለእውነት የቀረበ ነው። የደረቀ ቆዳ ቅባት ይፈልጋል። ችግሩ ቅቤ የወተት ፕሮቲን አለው፤ በተሰነጠቀ ቆዳ ሲገባ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮት አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ያልተፈላ ወተት የወጣው ቅቤ ደግሞ ጀርም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን ያንኑ ሥራ ያለ ጣጣ ይሠራል። ማር መቀባት የሚያምራችሁም ካላችሁ አንድ ነገር አትርሱ፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር መቅመስ የለበትም። ቦቱሊዝም የሚባል ነርቭን የሚያሽመደምድ ብርቱ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል። ጉንጭ ላይ የተቀባ ማር ደግሞ አፍ ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም።

እህቴ ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ያያት ባለሙያ «ችፌ ነው» አላት። ከዚያ ስለ ቅጠል ሳይሆን ስለ ልብስ ጠየቃት፦ «ምን ላይ ነው የምትተኛው? ስታዝያትስ በምን ነው?»

መልሱ መንዝን ለሚያውቅ ግልጽ ነው፤ ባና። የመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራው ባና ከብርዱ ያዳነን፣ የምንኮራበት ልብስ ነው። ነገር ግን የሱፍ ጭረት ችፌ ያለበትን ቆዳ ያሳክካል። ልጅቷ ቀን በእናቷ ጀርባ ጉንጯን ባና ላይ አሳርፋ ትውላለች፣ ሌሊት ባና ለብሳ ታድራለች። በዚህ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር የሚወርደው ውርጭና ደረቅ አየር አለ። እንጨት በጠፋበት ደጋ የሚነደው የኩበት ጭስ አለ። ጥርስ ስታበቅል የሚዝረከረከው ምራቅ አለ። ጉንጯ በምን ይረፍ?

የታዘዘላት ነገር ቀላል ነበር። በባናውና በፊቷ መካከል ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይግባ። ፊቷ ለብ ባለ ውኃ ብቻ ቶሎ ይታጠብ፣ ሳሙና ይቅር። ሳይደርቅ ወዲያው ቫዝሊን ይቀባ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ጥፍሯ ይከርከም። እሳቱ ሲነድ ከጭሱ ትራቅ። ለጥቂት ቀን ብቻ በስሱ የሚቀባ 1 ፐርሰንት ሃይድሮኮርቲዞንም ተሰጣት። በሦስት ሳምንት ጉንጯ ለሰለሰ። የካቲት ላይ ትንሽ ተመልሶባት ነበር፤ ችፌ እንዲህ ነው፣ እየበረደ እየተነሳ ይቆያል፣ ብዙ ልጆች ላይ ዕድሜ ሲጨምር ይቀንሳል። አይተላለፍም። በአንዳንድ አገሮች ከአምስት ሕፃናት አንዱን እስከ መያዝ ይደርሳል፤ የሰው ዓይን ቢሆን ኖሮ ዓለም ሁሉ ቡዳ ነው ማለት ነው።

አሁን ስለምፈራው ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው ያለ ትእዛዝ ከሱቅ የሚገዛው ቱቦ ነው። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል የመሳሰሉ ብርቱ ስቴሮይዶች በሁለት ቀን ፊትን ያጠራሉ፤ ሲደጋገሙ ግን የሕፃንን ቆዳ ያሳሳሉ። «የዕፅዋት ነው» ተብሎ በኦንላይን የሚሸጠውም ዋስትና የለውም። እ.ኤ.አ. በ1999 እንግሊዝ አገር ለቆዳ በሽታ የተሰጡ 11 የቻይና ባህላዊ ቅባቶች ተመርምረው 8ቱ ውስጥ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ተገኝቷል።

ሁለተኛው ምች ነው። አክስታችን «ምች» ሲሉ የልጅቷን በሽታ ቢስቱም ስሙን ማንሳታቸው ጥሩ ነው። ከንፈር ላይ ውኃ የሚቋጥረው ቁስል ሄርፒስ በሚባል ቫይረስ ይመጣል። ይህ ቫይረስ ችፌ ያለበትን ሕፃን ከያዘ ፊቱን ሁሉ ሊያዳርስ፣ ዓይኑንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው፣ አያትም ብትሆን፣ ልጁን አትሳም። ችፌ ያለበት ልጅ በድንገት ትኩሳት ይዞት ፊቱ ላይ ጥቃቅን ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች ከወጡ ዳማከሴ ፍለጋ ጓሮ አትውጡ፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው።

ሦስተኛው ሽፍታ የሚመስል ግን ሌላ የሆነው ነው፤ ቁንጭር። የማያሳክክ፣ ብዙም የማያም አንድ እብጠት ጉንጭ ወይም አፍንጫ ላይ ይወጣል። ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ይቀርፋል፣ ለወራት አልፎም ከዓመት በላይ ይቆያል። የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ከሽኮኮ ወደ ሰው የሚሻገረው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው። በአብዛኛው የሚገኘው ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ባለው ከፍታ፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደላማ አገር ነው። ስለዚህ እንደ መርሐቤቴ ባለ ገደላ ገደል አገር ልጅ ያላችሁ ይህን ምልክት ልብ በሉ። ቁንጭርን በጋለ ብረት መተኮስ ወይም የሚያቃጥል ቅጠል መለጠፍ ጠባሳውን ያከፋዋል። ከቁስሉ ትንሽ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ሕክምናም አለው።

ለዚህ ሁሉ አዲስ አበባ መምጣት የግድ አይደለም። በየቀበሌው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ፤ ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታል፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን። ጉዳዩ ከከበደ ለቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀው አለርት ሆስፒታል አለ።

ስትሄዱ ስልካችሁን ተጠቀሙበት። የልጁን ፊት በሦስት ቀን አንዴ፣ በቀን ብርሃን፣ ከአንድ ርቀት አንሱት። የተቀባውን ሁሉ፣ ቅጠሉንም ቱቦውንም፣ ከነቀኑ ጻፉት፤ ሳታፍሩ አሳዩ። ባለሙያው «ባህላዊ መድኃኒት ቀብታችኋል?» ሲል «አይ» የሚል መልስ የሚጎዳው ልጁን ነው።