ሳሙና እና አለት ውስጥ የቀረው ነዳጅ

ልጆች፣ ዛሬ ከወጥ ቤት እንጀምር። ዶሮ ወጥ የተሠራበትን ድስት በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አጥባችሁ ታውቃላችሁ? ውሃው ይፈሳል፣ ቅባቱ ግን ድስቱ ላይ ሙጭጭ ብሎ ይቀራል። ትንሽ የዕቃ ሳሙና ጠብ ሲደረግበት ግን ይለቃል። የነዳጅ መሐንዲሶችም ይህንኑ ዘዴ ከመሬት በታች ይሠሩበታል።

ብዙ ሰው ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተጠራቅሞ የሚገኝ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም! ነዳጁ ያለው አለት ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ ልክ ስፖንጅ ውስጥ እንዳለ ውሃ። ጉድጓድ ሲቆፈር መጀመሪያ ላይ ነዳጁ በራሱ ግፊት ይወጣል። ግፊቱ ሲደክም በሌላ ጉድጓድ ውሃ ይጨመርና ይገፋል። እንዲያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እዚያው ይቀራል። ለምን? ውሃና ዘይት ስለማይዋሃዱ፣ የነዳጁ ጠብታ ድቡልቡል እንዳለ ጠባቡ ቀዳዳ ላይ ይሰነቀራል።

መፍትሔው ሰርፋክታንት የሚባል ሳሙና መሰል ኬሚካል ነው። የሰርፋክታንት ቅንጣት ሁለት ጫፍ አላት፤ አንዱ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ዘይት። ስለዚህ እንደ ሽማግሌ መሐል ገብታ ሁለቱን ታስታርቃለች። ያን ጊዜ ጠብታው ይለሰልስና ተሳስቦ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1959 በተገኘው የቻይናው ዳቺንግ የነዳጅ ሜዳ፣ ሰርፋክታንት ከአልካሊና ውሃን ከሚያወፍር ፖሊመር ጋር ተደባልቆ ተሞክሯል። አለቱ ውስጥ ከነበረው ከእያንዳንዱ 100 በርሜል፣ በውሃ ብቻ ከሚወጣው ሌላ ወደ 20 በርሜል ተጨማሪ ተገኝቷል።

ታዲያ ለምን በየቦታው አይሠራበትም? ኬሚካሉ ውድ ነው። ከፊሉ አለቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በጣም ጨዋማ ውሃም ያበላሸዋል። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ ወጪውን አይመልስም።

ሙከራ፦ ክዳን ባላቸው ሁለት ብርጭቆ ጠርሙሶች ውሃና ጥቂት የምግብ ዘይት ጨምሩ። አንዱ ላይ ብቻ የዕቃ ሳሙና ጠብ አድርጉ። ሁለቱንም ነቅንቃችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። በየትኛው ነው ዘይቱ ቶሎ የተለየው?

ለወላጆች፦ ነዳጅ ሲቃጠል ምድራችንን ያሞቃል። ካረጀ ጉድጓድ የቀረውን ማውጣት ይሻላል ወይስ እዚያው መተው? እራት ላይ ከልጆቹ ጋር ተወያዩበት፤ በአማርኛ ይሁን እንጂ!