ጥፋቱ የልጁ ነው ወይስ የአዳራሹ?

ለወላጆች በዓል ስንለማመድ በአዳራሻችን ግጥም ያነበበው የሦስተኛ ክፍል ልጅ ትዝ ይላችኋል? ጮክ ብሎ ነበር ያነበበው። ግን ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ተደበላለቀና ምንም አልሰማ አለን። አንዳንዶቻችን ሳቅንበት። ጥፋቱ የሱ ነበር? እስቲ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እንዲሁ የሚያስቸግር የመማሪያ አዳራሽ ነበር። መምህሩ አንድ ቃል ሲናገር ድምፁ 5 ሰከንድ ተኩል ያህል ሳይጠፋ ይቆያል። በዚህ መሃል ሌሎች ቃላት ይመጡና ሁሉም ይደበላለቃል። በ1895 እ.ኤ.አ. ዋላስ ሴቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር መፍትሔ እንዲፈልግ ታዘዘ። እሱም ሌሊት ጸጥ ሲል ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶች አምጥቶ ይደረድራል። ከዚያ የኦርጋን ቧንቧ ያስጮህና ድምፁ እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይለካል። ትራሱ በበዛ ቁጥር ድምፁ ቶሎ ጠፋ! ለስላሳ ነገር ድምፅን ይውጣል፣ ጠንካራ ግድግዳ ግን ይመልሰዋል ማለት ነው። ሴቢን ይህን በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው።

በዚህ ዕውቀት የተሠራው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ኦክቶበር 15 ቀን 1900 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ቅርፁ እንደ ጫማ ካርቶን ነው፦ ረጅም፣ ጠበብ ያለ፣ ከፍ ያለ። ከፍታው ወደ 19 ሜትር፣ ስፋቱ ወደ 23 ሜትር ይሆናል። የመድረኩ ግድግዳ ወደ ኋላ እየጠበበ ስለሚሄድ ድምፁን ወደ ሕዝቡ ይገፋዋል። የጎንና የጎን ሰገነቶቹ ጠባብ ስለሆኑ ድምፅ ከሥራቸው ገብቶ አይቀርም። በግድግዳው ላይ የቆሙት 16 ሐውልቶችና ባለ ጉድጓዱ ጣሪያም ለጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ድምፁን በየአቅጣጫው ይበትኑታል። አዳራሹ ከ2,600 ሰው በላይ ይይዛል። ሞልቶ ሙዚቃ ሲመታ ድምፁ ወደ 2 ሰከንድ ገደማ ይቆያል። ለሙዚቃ ይህ ደስ ይላል፤ ለንግግር ግን ከዚህም ማጠር አለበት።

ወደኛ ስንመለስ፣ የአዳራሻችን ግድግዳ ሲሚንቶ ነው፤ በዚያ ላይ በልምምዱ ቀን ባዶ ነበር። ሰው ሲሞላ ልብሱ እንደ ሴቢን ትራስ ድምፁን ይውጣል። ስለዚህ ለዓመቱ መዝጊያ ከየቤታችን ጋቢና ብርድ ልብስ አምጥተን በኋለኛው ግድግዳ ብንሰቅልስ? አንባቢውም ቀስ ብሎ፣ ቃላቱን ለያይቶ ያንብብ።

ያንን ልጅ ደግሞ የሳቅንበት ሁላችን ይቅርታ እንጠይቀው። ግጥሙን ገና አልሰማንለትምና!

ቸር ይግጠመን።