ጨጓራው በሕክምና የጠበበ ሰው በምግብ ቤት ገበታ

በአስተርእዮ ማርያም በዓል ሰሞን መርጡለ ማርያም ከተማ ተገኝተን ሳለን፥ በአንድ ምግብ ቤት የሚያሳዝን ነገር አየን። ከውጭ አገር ለዘመድ ጥየቃ የመጣ ሰው ከአጎቱ ጋራ በአንድ ገበታ ተቀምጦ ነበር። ሰውየው ከውፍረቱ ብዛት የተነሣ ከአንድ ዓመት በፊት ጨጓራውን በቀዶ ጥገና አስጠብቦ ኖሮ፥ ይህንን ለአጎቱ አልነገራቸውም። ዶሮ ወጡ ቀርቦ ጥቂት ከቀመሰ በኋላ እጁን ቢሰበስብ፥ አጎቱ «በሞቴ ልጄ፥ አፈር ስሆን» እያሉ ያጐርሱት ጀመር። አንዱን ተቀበለ፤ ሁለተኛውንም ስለ አክብሮት ተቀበለ፤ በሦስተኛው ግን ፊቱን ላብ አጠመቀው፤ ደረቱንም ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። አጎትየውም ወደ እኛ ዘወር ብለው «ውጭ አገር ቢኖር የአገሩን ምግብ ናቀብን» አሉ።

ሰውየው ግን ምግቡን አልናቀም፤ የሚያስገባበት ቦታ አጥቶ ነው እንጂ።

ይህን ሕክምና እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ የሚባሉ ሐኪሞች በአንድ መንገድ ጀመሩት፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች መንገዶች ተጨመሩበት። ዛሬ በብዙ አገር በሚሠራው ዓይነት፥ ከጨጓራው ከመቶው 75 እስከ 80 እጅ ያህሉ ተቈርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሙዝ ቀጥ ያለ ቀጭን ከረጢት ይሆናል። የሚይዘውም በመጀመሪያው ጊዜ ከሁለት የቡና ሲኒ እምብዛም አይበልጥም። በሌላው ዓይነት የሚቀረው ከረጢት ከዚህም ያነሰ፥ እስከ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚይዝ ሲሆን፥ ምግቡም የአንጀቱን አንድ ክፍል አልፎ እንዲወርድ ይደረጋል። እንግዲህ እንዲህ ባለው ሆድ ውስጥ ሦስት የአክብሮት ጉርሻ ምን እንደሚያደርግ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

በእኛ አገር ደግሞ የእንግዳ ክብር የሚለካው በበላው መጠን ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻቸው ባደረጉት በደብረ ማርቆስም ቢሆን፥ በማንኛውም መኰንን አዳራሽ የግብር ክብሩ መትረፍረፉ ነበር። ልማዱን አንነቅፍም፤ ያደግንበት ነው። ነገር ግን የጋራ ገበታችን ለእንዲህ ያለው ሰው ከፈረንጅ ሳሕን ይልቅ የሚመች መሆኑን ማስተዋል ይገባል። በፈረንጅ ገበታ የተረፈው ሁሉ በየሰው ፊት ተቀምጦ ይታያል፤ ከአንድ ትሪ ሲበላ ግን ማን ምን ያህል እንደ በላ የሚቈጥር የለም። ይህን መልካም መሸሸጊያ የምታፈርስበት ጉርሻ ብቻ ናት።

ሐኪሞች የሚመክሩት፥ ሰውነትን የሚገነባውን ምግብ አስቀድሞ መብላት፥ እያንዳንዱንም ጉርሻ እስኪልም ማኘክ፥ ምግብና መጠጥን አለመቀላቀል፥ ከበሉም በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ሳይጠጡ መቈየት ነው። ስለዚህ በዶሮ ወጥ ገበታ ላይ ከብልቱ ይልቅ እንቁላሉ ይሻለዋል፤ አይብም ይስማማዋል። እንጀራ ግን ለስላሳ ቢመስልም በጠባቡ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ እንደ ሊጥ ሊያስጨንቅ ይችላልና በጥቂቱ ይቈረሳል። ጥሬ ሥጋና ደረቅ ጥብስም ብዙውን ጊዜ ያስቸግራሉ። በጠጅ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ያሻል፤ ስካሩ ከወትሮው ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ጣፋጭነቱም በአንዳንዱ ላይ ልብ ምትና ላብ ማዞርም ያመጣል። ቢራና ለስላሳ መጠጥም በጋዛቸው ይነፉታል።

የጾሙ ነገር ብዙ ሰው የሚጠይቀን ነው። በጾም ጊዜ ሥጋና እንቁላል ስለማይቀርብ፥ ሽሮውና ምስሩ ከእንጀራው አስቀድመው ሊበሉ ይገባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ቈይቶ በአንድ ጊዜ መጠጣት ግን ለጠባቡ ሆድ አይሆንም፤ እንዲህ ያለው ሰው ውሃውን ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት አለበት። ስለዚህ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም አስቀድሞ ያማክር። ሐኪሙ የሚያዝዘውንም የብረትና የቫይታሚን መድኃኒት ዕድሜውን ሙሉ መውሰድ አለበት፤ ጥቂት የሚበላ ሰው ከምግቡ ብቻ የሚበቃውን አያገኝምና።

ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስና፥ እንግዳው ፊቱን ታጥቦ ተመልሶ ተቀመጠ። «ጋሼ፥ አይቀየሙኝ፤ ሆዴን ሐኪም አጥብቦታል፤ አንድ እንቁላል ትበቃኛለች» አላቸው። አጎትየውም ዝም ብለው ቈዩና «ታዲያ ስለ ምን አልነገርኸኝም?» ቢሉት፥ «አፍሬ ነው» አለ። እኛ እንደሚመስለን ጥፋቱ የአጎትየው ብቻ አልነበረም፤ ከገበታው በፊት አንድ ቃል ቢነግራቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ። ነገር ግን ሰው ስለ ውፍረቱ ሲሳለቁበት ከኖረ በኋላ ስለ ሕክምናው መናገር እንዴት እንደሚከብደው የሚያውቅ ያውቀዋል።

በማግሥቱ በዚያው ቤት አገኘናቸው። የቤቱ እመቤት ከትሪው አጠገብ በሲኒ ማስቀመጫ አንዲት እንቁላልና ጥቂት አይብ አኑረው ነበር። አጎትየው እንጀራ ጠቅልለው እጃቸውን አነሡ፤ ወደ እንግዳው አፍ ሊያደርሱት ጥቂት ሲቀር ትዝ አላቸውና ሣቅ ብለው ለእኛ አጐረሱን።