ጎርፉን የሚከተል መረብ

የጎርፍን ጉዞ በኮምፒዩተር ለማስላት መሬቱ እንደ መረብ ዓይን ባሉ አራት ማዕዘኖች ይከፋፈላል፤ በእያንዳንዱም የውኃው ጥልቀትና ፍጥነት ይሰላል። የአራት ማዕዘኑ ጎን በግማሽ ሲያጥር ቁጥራቸው 4 እጥፍ ይሆናል፤ የጊዜው እርምጃም አብሮ ስለሚያጥር ሥራው ወደ 8 እጥፍ ያድጋል።

ማርሻ በርገርና ጆሴፍ ኦሊገር በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ግን መረቡን የሚያደቅቀው የስሌት ስሕተት በሚበዛበት ስፍራ ብቻ ነው። ደቃቁ መረብ ከጎርፉ ግንባር ጋር ይጓዛል፤ ጸጥ ያለው ስፍራ በሰፊው ይታለፋል። በ1959 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የፈረሰው የማልፓሴ ግድብ ጎርፍ በዚህ መንገድ ተሰልቷል።

ሰፊ አራት ማዕዘን ጠባቡን ሸለቆ ከዳርቻው ከፍታ ጋር አማክሎ ይሰውረዋል። ስለዚህ የጎርፍ ካርታ የሚቀርብላቸው ሰበካ ጉባኤያት የእህል ጎተራና መጠለያ የሚሠሩበትን ቦታ ከመወሰናቸው አስቀድመው፦ «በመንደራችን ላይ መረቡ ስንት ሜትር ነው?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል።