በንግድ ቤት ሠራተኞች መካከል ስለሚያስፈልገው መተባበር

በንግድ ቤት ውስጥ ስለ መተባበር ሲነሣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ተርቶ ማለፍ የተለመደ ነው። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ድሩ በምን ዘዴ እንደሚያብር አይነግረንም። ገበሬዎች በደቦ ሲያርሙ ሁሉም አንዱን እርሻ በዓይናቸው ያያሉና፣ የትኛው ጥግ እንደ ቀረ ለማንም መንገር አያሻም። በንግድ ቤት ግን ጸሐፊው መጋዘኑን አያይም፤ የመጋዘን ኀላፊውም ከባንክ የመጣውን ደብዳቤ አያይም። ስለዚህ በእኛ ሥራ መተባበር ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ወሬን በጊዜው ማቀባበል ማለት ነው።

ይህንንም በቡና ንግድ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ነጋዴ እያንዳንዱ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን 320 ጆንያ ቡና በሌተር ኦፍ ክሬዲት ሊልክ ተዋዋለ እንበል። ይህም 19,200 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የሚይዘው ያህል ነው። በጭነቱ ዕለት አንድ ጆንያ ተቀዶ ቀረ። የመጋዘን ኀላፊው 319 ቆጥሮ አስረከበ፤ ትራንዚተሩም በዚሁ ቆጠራ መሠረት ቢል ኦፍ ሎዲንጉን በ319 አስወጣ። ጸሐፊው ግን ውሉን ተመልክቶ ኢንቮይሱን በ320 ጻፈ። ሁሉም የየራሱን ሥራ በትጋት ሠርቷል፤ የንግድ ቤቱ ገንዘብ ግን ሳይከፈል ቆየ።

ባንክ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ቡናውን አይደለምና። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ መሠረት፣ ሰነዶቹ እርስ በርሳቸው ከተቃረኑ ባንኩ ላለመቀበል መብት አለው። በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ሌላ ቀን ካልተወሰነም፣ ሰነዱ ዕቃው ከተጫነበት ቀን አንሥቶ 21 ቀን ሳያልፍ መቅረብ ይኖርበታል። ኢንቮይሱን ለማረም፣ ከፋፍሎ መላክ የተከለከለ ከሆነም የገዢውን ፈቃድ ለመጠየቅ ሲባል እነዚያ ቀኖች ይነጕዳሉ።

የመጋዘን ኀላፊው ታዲያ ለምን ዝም አለ? በእኔ አስተያየት ነገሩ የሚበላሸው ከዚህ ላይ ነው። ጆንያ መቀደዱን በተናገረ ቍጥር በሰው ፊት የሚዘለፍ ሠራተኛ ዝምታን ይማራል። ባለ ንግዱ «ማን አጠፋ?» ከማለቱ በፊት «አሁን ምን እናድርግ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ወሬው ኮንቴይነሩ ሳይታሸግ ይደርሰዋል፤ ሌላ ጆንያም ይተካል። (አንዳንድ ጸሐፊዎችም ከመጋዘን የመጣን ሰው አቧራ ለብሷል ብለው በር ላይ ያቆሙታል፤ ይህም ዋጋ ያስከፍላል።)

ዘዴው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ጭነት አንድ ወረቀት ይከፈት፤ በእርሱም ላይ የጆንያው ብዛት፣ ክብደቱና የኮንቴይነሩ ቍጥር ይጻፍ። የመጋዘን ኀላፊው ቆጥሮ፣ ትራንዚተሩ ተረክቦ፣ ጸሐፊውም አመሳክሮ ይፈርሙበት። ኢንቮይስም ከውሉ ብቻ አይገልበጥ፤ አስቀድሞ ከዚህ ወረቀት ጋር ይመሳከር። ዛሬ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ መላላክ ቢቻልም፣ ፎቶግራፉ ፊርማውን አይተካም። አንዱ ታሞ ወይም ለቅሶ ሄዶ ሥራው እንዳይቆምም፣ ለመጋዘኑ ሁለተኛ ቁልፍና ሁለተኛ ሰው ሊኖር ይገባል።

ባለ ሱቆችም ከዚህ ውጭ አይደላችሁም። ደንበኛ ጠይቆ ያጣውን ዕቃ የሚያውቀው ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ልጅ ነው፤ ከመርካቶ በጅምላ የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ልጁ የታጣውን ዕቃ የሚመዘግብበት አንድ ደብተር ባንኮኒው ላይ ይኑር፤ ገዢውም ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት እርሱን ያንብብ።